አንደኛነት ለምን አይጸናም?

በነጋዴው ኅብረተሰብ መካከል ስሙ የገነነ አንድ የንግድ ቤት ሲዳከም ወይም በሩን ሲዘጋ፣ ሳምንት ሳይሞላ ምክንያቱ በየሱቁ ይነገራል። የሚነገረውም ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው። አንዱ «ልጁ ነው ያጠፋው» ይላል፤ ሌላው «መጠጥ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ጥጋብ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው ተረት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ የሚያሳዝነው የምሳሩ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ዛፉ በምን ምክንያት እንደ ወደቀ፣ ሥሩን ምስጥ በልቶት እንደ ሆነ ወይም አፈሩን ጐርፍ ወስዶት እንደ ሆነ ጐንበስ ብሎ የሚመለከት ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ውድቀት ሌላው ቤት ሊያገኘው ይገባ የነበረው ትምህርት ሳይገኝ ይቀራል።

ይህን ልማዳችንን ለመመርመር በመካከላችን የሚገኝ የአንድ ነጋዴ ስም ማንሣት ቅሬታን እንጂ ጥቅምን አያመጣም። በዚህ ምክንያት ከእኛ ሠፈር እጅግ የራቀ፣ ከአንባብያን ማንንም የማያስቀይም፣ ነገር ግን ሒሳቡ በግልጥ ተጽፎ የሚገኝ ምሳሌ መርጫለሁ፤ ይኸውም የአሜሪካዊው የጐልፍ ሻምፒዮን የታይገር ዉድስ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጐልፍ በአገራችን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱት ስለ ሆነ ባሕርዩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በሰፊ የሣር መስክ ላይ ተራርቀው ወደ ተቈፈሩ 18 ጉድጓዶች በየተራ ያስገባታል። በታላላቆቹ ውድድሮች ይህ ሥራ ለአራት ቀናት ይደጋገማል፤ በአራቱ ቀናት ውስጥ ሰባ ሁለቱን ጉድጓዶች በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባው የምት ቍጥር ተወስኗል፤ ይህም ፓር ይባላል። እንደ ቦክስ ተጋጣሚውን የሚደበድብ የለም፤ እንደ እግር ኳስም ኳሱን የሚነጥቅ የለም። እያንዳንዱ ምት ይቈጠራል፤ የተቈጠረው ይጻፋል፤ የተጻፈውም አይፋቅም። ከዚህ የተነሣ ይህ ጨዋታ የንግድ ቤትን የሒሳብ መዝገብ እጅግ ይመስላል፤ ሰው ወሬውን ትቶ መዝገቡን ቢያነብ እውነቱን ያገኛል።

መዝገቡ የሚነግረን እንዲህ ነው። ዉድስ በ1975 መጨረሻ ተወለደ፤ በ1996 ጐልፍን መተዳደሪያው አድርጎ ያዘ። በኤፕሪል 1997፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ማስተርስ የሚባለውን ታላቅ ውድድር በ12 ምት ብልጫ አሸነፈ። በ2000 የተደረገውን ዩ ኤስ ኦፕን በ15 ምት ብልጫ ሲያሸንፍ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መካከል ከፓር በታች የጨረሰ ከእርሱ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት የብሪታንያን ኦፕንና የፒ ጂ ኤ ሻምፒዮናን ጨመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ማስተርስን ሲደግም የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አሸናፊነት በአንድ ጊዜ በእጁ ሆነ። ከ1998 እስከ 2005 ድረስ 142 ውድድሮችን በተከታታይ ሲካፈል ከማጣሪያው አንድ ጊዜ እንኳ አልወደቀም። በዓለም የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ በአንደኛነት የቈየባቸው ሳምንታት ሲደመሩ 683 ይሆናሉ፤ ይህም ከ13 ዓመት ይበልጣል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ከቁንጮው ለምን ወረደ ብሎ መጠየቅ የሚገባ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው መልስ አንድ ነው። በኖቬምበር 2009 ዉድስ ሌሊት መኪናውን ከቤቱ አጠገብ አጋጨ፤ ከዚያም ወዲያ ትዳሩን አለማክበሩ በዓለም ጋዜጦች ተዘረገፈ። በስሙ ሸቀጣቸውን ያስተዋውቁ ከነበሩት ታላላቅ ኩባንያዎች አክሴንቸር፣ ኤ ቲ ኤንድ ቲና ጌቶሬድ ውላቸውን አቋረጡ። በኦገስት 2010 ትዳሩ በፍቺ አለቀ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ አንደኛነቱን ለእንግሊዛዊው ለሊ ዌስትዉድ ለቀቀ፤ በኖቬምበር 2011 ደግሞ 58ኛ ሆነ። «እነሆ፣ ነውር ጣለው» ተባለ፤ ፍርዱም በዚህ ተዘጋ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ቀኖቹን በቅደም ተከተላቸው ስናኖር ግን ይህ ፍርድ አይጸናም። በጁን 2008 ዉድስ ዩ ኤስ ኦፕንን ያሸነፈው የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ የቅልጥሙም አጥንት ተሰንጥቆ ሳለ ነበር። በአራቱ ቀን እኩል ስለ ወጡ በአምስተኛው ቀን እንደ ገና ተጋጥሞ፣ በ91ኛው ጉድጓድ ላይ ሮኮ ሜዲየትን ረታ። ከዚህ በኋላ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና አሳክሞ የዓመቱን ቀሪ ውድድር በሙሉ ተወ። ይህ ድል ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ያገኘው 14ኛው ሲሆን፣ የጃክ ኒክላውስን 18 ድል እንደሚያልፍ የማይጠረጥር ሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን 15ኛውን ለማግኘት 11 ዓመት ያህል ፈጀበት። ነውሩ ከመገለጡ በፊት በኦገስት 2009 በፒ ጂ ኤ ሻምፒዮና በሁለት ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ከገባ በኋላ ለኮሪያዊው ለያንግ ዮንግ ኡን በሦስት ምት ተሸነፈ። ከዚያ ቀደም በታላላቆቹ ውድድሮች ሦስተኛውን ቀን በመሪነት ከፈጸመ 14 ጊዜ ሁሉ አሸንፎ ነበር። ያንግ ጐልፍ የጀመረው በ19 ዓመቱ፣ በመለማመጃ ሜዳ ኳስ እየለቀመ ሲሠራ ነው። እንግዲህ ምስጡ ሥሩን መብላት የጀመረው ዝናቡና ነፋሱ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ከነውሩ በኋላ የሆነውም ያንኑ ይመሰክራል። በ2013 ዉድስ አምስት ውድድሮችን አሸንፎ በማርች ወር ወደ አንደኛነት ተመለሰ፤ ስለዚህ የ2009 ኀፍረት ብቻውን ለዘለቄታው አልጣለውም። ዳግመኛ የጣለው በ2014 የተጀመረው የወገብ ሕመም ነው። በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ፣ በ2015 ሁለት ጊዜ፣ በ2017 ደግሞ አንድ ጊዜ ወገቡን በቀዶ ጥገና ታከመ፤ የመጨረሻውም የአከርካሪውን አጥንቶች እርስ በርስ ማጋጠም ነበር። በ2017 መጨረሻ ገደማ በዓለም ዝርዝር 1,199ኛ ሆኖ ተገኘ። አንደኛ የነበረ ሰው ከሺህ በታች ሲወርድ ማየት ያስገርማል፤ ነገር ግን ሰው በማይራመድበት ወገብ ኳስ አይመታም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለውድቀቱ አራት ምክንያቶች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም፤ ተባብረው ግን ማንንም ያወርዳሉ።

የመጀመሪያው የዋና መሣሪያ ማርጀት ነው። የጐልፍ ተጫዋች ካፒታል አካሉ ነው፤ ዉድስ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ እየተጠማዘዘ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። በየዕለቱ የሚገኘው ድል ከፍ ያለ ገቢ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በጉልበቱና በወገቡ ላይ በየዕለቱ የሚደርሰው ድካም ግን በመዝገቡ አልታየም። ነጋዴዎች ለጭነት መኪናና ለወፍጮ የእርጅና ቅናሽ እንይዛለን፤ ዘንድሮ ብዙ የሠራ መኪና ዘንድሮ ብዙ እንዳረጀ እናውቃለን። የቤቱን ሥራ ሁሉ ለተሸከመው ለባለቤቱ ጉልበት ግን ቅናሽ የሚይዝ ስንቱ ነው? ከንጋት እስከ ምሽት ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ሸጦ፣ ራሱ ሰብስቦ የሚያድር ነጋዴ ትርፉ ከፍ ያለ መስሎ የሚታየው ከፊሉ ዋጋ ገና ስላልተከፈለ ነው።

ሁለተኛው የሌሎች መማር ነው። ዉድስ ሲያሸንፍ ተመልካች በዛ፤ ተመልካች ሲበዛ ገንዘብ በዛ፤ ገንዘብ ሲበዛ ተወዳዳሪ በዛ። በ1997 ማስተርስን ሲያሸንፍ የተቀበለው ሽልማት 486,000 ዶላር ነበር፤ በ2019 የዚያው ውድድር አሸናፊ ሽልማት 2,070,000 ዶላር ሆነ። ከእርሱ በፊት ብዙዎቹ ተጫዋቾች አካልን የሚያጠነክር ልምምድ ከቁም ነገር አይቈጥሩትም ነበር፤ እርሱን አይተው ግን ሁሉም ጀመሩ። ዉድስ የመጀመሪያውን ማስተርስ ሲያሸንፍ የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክኢልሮይ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ያው ሕፃን አድጎ በ2011 ዩ ኤስ ኦፕንን በስምንት ምት ብልጫ አሸነፈ። አንደኛ የሆነ ሰው የሚያሸንፉትን ሰዎች ራሱ ያስተምራል፤ የትምህርቱንም ክፍያ አይቀበልም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የማስተርስ ውድድር ባለቤቶች በ2002 ሜዳቸውን ወደ 260 ሜትር ያህል አስረዘሙት፤ ብዙ ሰዎችም የዉድስን ብልጫ ለመቀነስ የተደረገ ነው አሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ያሸነፈው ራሱ ዉድስ ነበር። ደንብ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ የሚጐዳው ደካማው ነው፤ ብርቱው ይሻገረዋል። በእኛም ዘንድ አዲስ መመሪያ ወይም አዲስ ቀረጥ በወጣ ጊዜ ትልልቆቹ ቤቶች ተቀምጠው ትንንሾቹ ሲናወጡ አይተናል። ትልቁን ቤት የሚያወርደው ከላይ የሚመጣው ደንብ ሳይሆን፣ ከጐን ተቀምጦ የሚማረው ጐረቤት ነው።

ሦስተኛው ያለ ጊዜው መለወጥ ነው። ዉድስ የአመታቱን ስልት ከአንድ ጊዜ በላይ አፍርሶ ሠርቷል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ስሕተት ይቈጥሩበታል፤ እኔ ግን በሙሉው አልስማማም። በ1997 በ12 ምት ካሸነፈ በኋላ ስልቱን ሲለውጥ በ1998 በአሜሪካ ዙር ያገኘው ድል አንድ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የ2000 ታላቅ ዓመት የተገኘው ከዚያ ለውጥ ነው። በ2004 አሠልጣኙን ለውጦ ከሃንክ ሄኒ ጋር ሲጀምርም በ2005 ሁለት፣ በ2006 ሁለት ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። በ2010 ከሾን ፎሊ ጋር ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ግን አካሉ ተጐድቶ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ ጊዜውም አጥሮ ነበር። ስለዚህ ስሕተቱ መለወጡ አይደለም። ቤት የሚታደሰው በበጋ ነው፤ ክረምት ከገባ በኋላ ጣራ የሚያነሣ ሰው ዝናቡን ወደ ዕቃው ይጠራዋል። ቤቱ ጠንካራ ሳለ የሚደረግ ለውጥ አንድ ዓመት ትርፍ ያሳንሳል፤ ቤቱ ከደከመ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ግን የቀረውን ይወስዳል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው የቍጥር ነገር ነው። በ2000 የዉድስ አማካይ ውጤት በአንድ ቀን ጨዋታ ወደ 68 ምት ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ተጫዋቾች ወደ 71 ነበር። ያ ሁሉ ግርማ፣ ያ ሁሉ ገንዘብና ዝና፣ ከመቶ አራት ያህል በምትሆን ልዩነት ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው። ከመቶ አራት የምትሆን ትርፍ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነች ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያስፈልግም። የመርከብ ኪራይ በጥቂቱ ቢጨምር፣ ምንዛሪ በጥቂቱ ቢዛነፍ፣ ከረጢቱ በጉዞ ላይ ቢረጥብ ትጠፋለች። አንደኛው ከሁለተኛው የሚበልጠው በጋት እንጂ በክንድ አይደለም፤ ስለዚህ አንደኛነትን ለማጣት ታላቅ ጥፋት አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጥቂት ጥቂት መጉደል ይበቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነውር አስፈላጊ ምክንያት አለመሆኑን ለመረዳት ሌሎችንም መመልከት ይቻላል። የታይዋኗ ያኒ ፀንግ ገና 22 ዓመቷ ሳለ አምስት ታላላቅ የሴቶች ውድድሮችን አሸንፋ፣ ከ2011 እስከ 2013 ለ109 ሳምንታት በዓለም አንደኛ ሆና ቈየች፤ ከዚያም ያለ አንዳች ነውር ደረጃዋ አሽቈለቈለ፤ ለብዙ ዓመታትም ድል ራቃት። አሜሪካዊው ዴቪድ ዱቫል በ1999 ከዉድስ አንደኛነቱን ወስዶ፣ በ2001 የብሪታንያን ኦፕን ካሸነፈ በኋላ በአሜሪካ ዙር ዳግመኛ አላሸነፈም። በሌላ በኩል ሳይወርዱ የወረዱም አሉ። ቦቢ ጆንስ በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ በ28 ዓመቱ ከውድድር ተሰናበተ። ባይረን ኔልሰን በ1945 በአንድ ዓመት 18 ውድድሮችን፣ ከእነዚያም 11ዱን በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ጊዜውን የሚወስደውን ውድድር ትቶ በቴክሳስ የከብት እርባታ ያዘ። እነዚህ ሁለቱ ቁንጮው የሚከራዩት እንጂ የሚወርሱት ቤት አለመሆኑን ያወቁ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ነውርን እንደ ቀላል ነገር ልትቈጥር ነውን? በንግድ ዓለም መታመን ከሁሉ በላይ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ ነውር ዋጋ ያስከፍላል። የሸሹት ኩባንያዎች፣ የፈረሰው ትዳር፣ ቀድሞ ስሙን ሰምተው ይንቀጠቀጡ የነበሩ ተወዳዳሪዎች ድፍረት ማግኘታቸው ሁሉ እውነተኛ ኪሳራ ነው። የዚህ አስተሳሰብ አደጋው ግን ሌላ ነው። የውድቀት ምክንያት ነውር ብቻ ነው ብለን ካመንን፣ ሐቀኛው ነጋዴ «እኔ ጨዋ ነኝና አልወድቅም» ብሎ ይተኛል። ሐቀኝነት የእግዚአብሔርንና የሰውን ፊት ያስገኛል፤ የዕቃን ማርጀት፣ የጐረቤትን መማር፣ የባለቤትን መድከም ግን አያስቀርም። የጨዋውም ሰው ጨርቅ ብል ይበላዋል።

በጸሐፊነት ሥራዬ ብዙ ደብዳቤና ብዙ መዝገብ በእጄ ያልፋል። በአንድ ወቅት በጨርቃ ጨርቅ አስመጪነት የታወቀ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤት ሲዘጋ፣ ከተማው በሙሉ ምክንያቱ የልጁ የሠርግ ድግስ ነው አለ። ከዚያ ቤት ጋር የነበረን የሒሳብ ግንኙነት ግን የሚናገረው ሌላ ነው። ሠርጉ ከመደረጉ ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ ያዘዘው የቦንዳ ብዛት በየዓመቱ ይቀንስ ነበር፤ ምክንያቱም ከእርሱ በጅምላ ይገዙ የነበሩ ቸርቻሪዎች የፋብሪካዎቹን አድራሻ ከዕቃው ላይ እያነበቡ ራሳቸው ማስመጣት ጀምረው ነበር። የዱቤው ቀን ከስድሳ ወደ ዘጠና፣ ከዘጠና ወደ መቶ ሃያ እየረዘመ ሄዶ ነበር። ሠርጉ ብዙ ቢሆን የመጨረሻዋ ጠብታ ናት። ወሬውን የሰሙ ሌሎች አስመጪዎች ግን «እኛ ድግስ አናበዛም» ብለው ተጽናኑ፤ ከሁለቱ ጋር ያለን ደብዳቤ ልውውጥም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቋረጠ።

ሌላው ከመዝገብ የሚገኘው ትምህርት የስም ዕድሜ ከጥንካሬ ዕድሜ የሚረዝም መሆኑ ነው። የዓለም የጐልፍ ዝርዝር የሚዘጋጀው ባለፉት ሁለት ዓመታት ውጤት ስለ ሆነ፣ ዉድስ በ2010 አንድም ውድድር ሳያሸንፍ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ አንደኛ እየተባለ ቈየ። ዝርዝሩ ውሸት አልነበረም፤ የሚናገረው ግን ስላለፈው ነው። የንግድ ቤትም ስም እንዲሁ ነው። ባንክ ትናንት ባየው ያበድራል፤ ደንበኛ ትናንት በለመደው ይመጣል፤ ባለቤቱም ትናንት በሰማው ምስጋና ይደሰታል። ስለዚህ «ሰው ምን ይለኛል» ከማለት ይልቅ «የዚህ ሩብ ዓመት ሽያጭ ምን ይላል» ማለት ይሻላል።

ወርዶ መቅረት ግን ግዴታ አይደለም፤ የዉድስ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን በዚህ በኩል ነው። በኤፕሪል 2019፣ በ43 ዓመቱ፣ ማስተርስን ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ያሸነፈበትም መንገድ የወጣትነቱ መንገድ አልነበረም። በመጨረሻው ቀን 12ኛው ጉድጓድ ፊት ለፊቱ ውሃ ያለበት ነው፤ ይመራ የነበረው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞሊናሪ ኳሱን ውሃ ውስጥ ከተተ፤ ለድል ይፎካከሩ ከነበሩት ሌሎችም ከአንድ በላይ የሆኑት በዚያው ስፍራ እንዲሁ ሆኑ። ዉድስ ግን ጉድጓዱ ያለበትን አደገኛ ጠርዝ ትቶ፣ ወደ ሣሩ ሰፊ መካከል መትቶ፣ በሁለት ተጨማሪ ምት በፓር ጨረሰ። በ21 ዓመቱ በጉልበት ያገኘውን በ43 ዓመቱ በማስተዋል አገኘው። ጃክ ኒክላውስም በ1986 ያንኑ ማስተርስ ሲያሸንፍ 46 ዓመቱ ነበር። ከዚህ በኋላ ዉድስ ወደ ቀድሞው አገዛዝ አልተመለሰም፤ በፌብሩዋሪ 2021 የደረሰበት የመኪና አደጋ ቀኝ እግሩን ክፉኛ ጐዳው። ነገር ግን የወረደ ሰው ልኩን አውቆ ከሠራ አንዳንድ መልካም ዓመት እንደሚያገኝ ያ ቀን በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለአስመጪው፣ ለላኪውና ለባለ ሱቁ ምን ይወጣል? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሰኔ መጨረሻ የዕቃ ቈጠራ ስናደርግ ባለቤቱንም እንቍጠር፤ ስንት ዓመት ሠራ፣ ምን ያህል ደከመ፣ የእርሱን ሥራ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው አለ ወይስ የለም ብለን እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ ከሌላው የምንበልጥበትን ነገር በአንዲት መስመር እንጻፍ፤ ከሥሩም እርሱን በመማር ላይ የሚገኘው ማን እንደ ሆነ እንጻፍ፤ መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ አላየንም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ለውጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ትርፍ ባለበት ዓመት እናድርገው፤ ልጆቻችንንና ሠራተኞቻችንንም ሥራ እናስረክብ የምንል ከሆነ ተሳስተው ለመማር አቅም ባለን ጊዜ እናስረክብ።

አበዳሪዎችና ጅምላ ሻጮችም የድርሻቸውን ቢያስቡ መልካም ነው። አንድ ቤት ተዳክሟል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቀን ዱቤውን ቢዘጋ፣ ሊድን ይችል የነበረው ቤት ይሞታል፤ የእኛም ገንዘብ አብሮ ይቀበራል። ከ2009 በኋላ ከዉድስ ጋር የቆዩት ሰዎች የ2013ቱንና የ2019ኙን ድል አይተዋል። ማን እንደሚድንና ማን እንደማይድን ወሬ አይነግረንም፤ ወደ ባለ ዕዳው ቤት ሄዶ፣ «ወንድሜ፣ መዝገብህን አብረን እንመልከተው» ማለት ግን ይነግረናል።

ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይዞ መሮጥ ቀላል ነው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ ሥሩን ማየት፣ ከዚያም ወደ ራሱ ጓሮ ተመልሶ የቆመውን ዛፍ በጥንቃቄ መመርመር ነው።